ያማሃ ኤፍጂ-180 ቀይ ሌብል፦ ዛሬ በሚጠሩባት ዋጋ ትገዛ ወይ?

ይቺን ጊታር ሁለት ጊዜ ገዝቻታለሁ። አንዴ በ2011 እዚሁ ሜሪላንድ፣ አንድ ያርድ ሴል ላይ፣ በ80 ዶላር። ከሁለት ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠረኝና በ120 ሸጥኳት። ሁለተኛዋን የገዛሁት አምና ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትሳሳቱ።

በሁለቱ ግዢዎች መሃል ዋጋዋ የሄደበት መንገድ ነው ይህን እንድጽፍ ያስቀመጠኝ። ጊታር እንደምወድ የሚያውቁ ጓደኞች "አሮጌ ጊታር ላገኝ ነው፣ ዋጋው ደህና ነው?" እያሉ ፎቶ ይልኩልኛል። ከሚላኩልኝ ውስጥ ይቺ ሆዷ ውስጥ ቀይ ወረቀት የተለጠፈባት ያማሃ ደጋግማ ትመጣለች። ባለፈው ወር የመጣችው 650 ዶላር ተጽፎባታል። ስለዚህ አንዴ በደንብ ልጻፈውና ለሁሉም ይሁን።

መጀመሪያ ማን እንደሆነች። ያማሃ ኤፍጂ የሚባለውን የጊታር ዘር የጀመረው በ1966 ነው። ኤፍጂ ማለት ፎክ ጊታር ማለት ነው። መጀመሪያ የወጡት 180 እና 150 ናቸው። 180ዋ ትልቋ ናት፣ የአሜሪካኖቹን የማርቲን ድሬድኖት ቅርጽ የተከተለች ሰፊ ጊታር። 150ዋ አነስ ትላለች። ዘፋኙ ካንትሪ ጆ ማክዶናልድ በ1969 ዉድስቶክ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ ብቻውን ሲወጣ በእጁ የነበረችው 150 ናት። በድምፅ ቀዳዳው አጎንብሳችሁ ስታዩ ቀይ ወረቀት አለ፣ "ኒፖን ጋኪ" ይላል። የኩባንያው ስም ያኔ እሱ ነበር፣ ያማሃ ኮርፖሬሽን የተባለው በ1987 ነው። ቀዩ ወረቀት እስከ 70ዎቹ መጀመሪያ ቆየ፣ ከዚያ አረንጓዴ መጣ፣ ሥራውም ወደ ታይዋን እየሄደ ነበር። ዛሬ ሰው የሚሻማው በቀዩ ላይ ነው።

አሁን እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ነገር። ቁጥሩ ዋጋዋ ነው። 180 ማለት በጃፓን 18,000 የን፣ 150 ማለት 15,000 የን። በዚያ ዘመን አንድ ዶላር በ360 የን ተቆርጦ የተቀመጠ ነበር። አካፍሉት። ልክ 50 ዶላር ይመጣል። ማለትም ይቺ ጊታር ስታወጣ የነበረውን ዋጋ ዕድሜ ልኳን በስሟ ተሸክማ ትዞራለች፣ እኛ ደግሞ አጠገቧ 650 ጽፈን እናስቀምጣታለን። የገንዘቡ የመግዛት አቅም እንደወረደ ይገባኛል። የዚያን ጊዜ 50 ዶላር የዛሬ 50 አይደለም። ግን በ2011 የሰጠሁት 80 ዶላርም እኮ ያው ዶላር ነው፣ በአሥራ ምናምን ዓመት ውስጥ እንዲህ የሚያስጨምር የኑሮ ውድነት የለም።

ታዲያ ምን አስወደዳት? ነገሩ የሚጀምረው ከላይ ነው። ጊብሰን ከ1958 እስከ 1960 የሠራውን ሌስ ፖል ስታንዳርድ የሚባል የኤሌክትሪክ ጊታር ውሰዱ። ያኔ አዲሱ 300 ዶላር አይሞላም ነበር። ገዢ አጣና ሥራው ቆመ። በ60ዎቹ አጋማሽ ኪት ሪቻርድስ፣ ኤሪክ ክላፕተንና ማይክ ብሉምፊልድ ይዘውት ሲታዩ ሰው ዞሮ ይፈልገው ጀመር። የተሠራው ግን ትንሽ ነው። ዛሬ በመቶ ሺዎች ዶላር ነው የሚሸጠው። ሌላውን ጊታር ሠሪ ፌንደርንም የቴሌቪዥን ኩባንያው ሲቢኤስ በ1965 መጀመሪያ ሲገዛው፣ ከዚያ በፊት የተሠራና ከዚያ በኋላ የተሠራ ተብሎ ገበያው ለሁለት ተከፈለ። እነዚህ ዶክተሩና ጠበቃው የሚገዛቸው ጊታሮች ሆኑ። ሙዚቀኛው አንድ ደረጃ ወረደ። እዚያም ሲወደድበት ሌላ ደረጃ ወረደ። የተማሪ ጊታር ተብሎ የተሠራው ፌንደር ሙስታንግ እንኳ የኒርቫናው ዘፋኝ ከርት ኮቤይን ይዞት ከታየ በኋላ የተማሪ ዋጋውን ረሳው። ወረደ፣ ወረደ፣ በመጨረሻ የእኛ ያማሃ ዘንድ ደረሰ።

እንደ ደረጃ ብቻ አትዩት ደግሞ፣ ይዋዥቃልም። እስከ 2007 እና 2008 ድረስ አሮጌ ጊታር እንደ መሬት ነበር የሚገዛው፣ ነገ ይጨምራል ተብሎ። የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ ዋጋው ተንዶ፣ በዚያ ሰሞን በውድ የገዙ ሰዎች ለዓመታት ተቃጥለዋል። እኔ በ2011 በ80 ዶላር ማግኘቴ የእኔ ብልጠት አልነበረም፣ ገበያው ተኝቶ ነበር። ከዚያ 2020 መጣ። ሰው ቤቱ ተዘጋበት፣ ጊታር ልማር አለ፣ ፌንደር በዚያ ዓመት በታሪኬ ከፍተኛውን ሽያጭ አደረግሁ ብሏል። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ኮቤይን የተጫወተባት የ1959 ማርቲን ዲ-18ኢ በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠች። እንዲህ ያለ ዜና የሰማ ሁሉ ቤዝመንቱ ወርዶ የአባቱን ጊታር ፎቶ ማንሳት ጀመረ።

እና አሁን? እኔ እንደማየው ጋብ ብሏል። የተጠየቀው ዋጋ ግን አልወረደም። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚበላው። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሻጩ ምኞት ነው። ተሸጠ የሚባለው የተከፈለው ነው። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ የሚያሳይ ማጣሪያ አለ፣ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫው ድረ ገጽ ሪቨርብም የተሸጠበትን ዋጋ የሚያሳይ ገጽ አለው። ሁለቱንም ሳታዩ ለማንም ሻጭ "እሺ" አትበሉ። 650 የተባለችው ያማሃ ማስታወቂያ ላይ ወራት አስቆጥራለች፣ እስካሁንም እዚያው ናት።

650 ያላት ሱቅ ቨርጂኒያ ውስጥ ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሄጄ አየኋት፣ ምክንያቱም ማስታወቂያው "ላይኛው ሽፋን ሙሉ እንጨት" ይላል። አይደለም። የ180 ቀይ ሌብል ላይኛው ሽፋን ሳይቀር ኮምፔንሳቶ ነው። ይህ ስድብ አይደለም፣ አሠራሯ ነው። እንዴት ታውቃላችሁ? የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ በስልክ መብራት እዩት። ሙሉ እንጨት ከሆነ ላይ ያለው የእንጨቱ መስመር ጠርዙን ይዞ ቁልቁል ይወርዳል። ኮምፔንሳቶ ከሆነ እንደ ቂጣ የተደራረበ ስስ ንጣፍ ታያላችሁ። የሱቁን ልጅ ጠርቼ አሳየሁት። "ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጽፈው" አለኝ። አዎ፣ ሁሉም እንዲህ ብሎ ስለሚጽፍ ነው ዋጋው የማይወርደው። በጣም ነው የተናደድኩት፣ ምክንያቱም ያን የሚያነበው ገዢ የመጀመሪያ ጊታሩን የሚገዛ ልጅ ሊሆን ይችላል።

አሁን የእኔን ሁለተኛዋን እንዴት እንዳገኘኋት።

እድራችን ውስጥ ያሉ አንድ አባት አሉ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖሩት። በ70ዎቹ ለትምህርት መጥተው የቀሩ ናቸው። ሐዘን ቤት ተቀምጠን ስለ ሙዚቃ ሲነሳ "እኔም እኮ አንድ ጊታር ነበረኝ፣ ምድር ቤት ያለች ይመስለኛል" አሉ። በሳምንቱ ሄድኩ። ከማሞቂያው ታንከር ጀርባ፣ ጥቁር ካርቶን መሳይ ሳጥን ውስጥ ነበረች። ስንከፍተው የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ወጣ። ክሮቿ አራት ቀርተዋል፣ ዝገው ቡናማ ሆነዋል። ጭንቅላቷ ላይ ሦስቱ የተጠላለፉ የቅኝት ሹካዎች። በድምፅ ቀዳዳው አየሁ። ቀይ።

"ጋሼ፣ ስንት ልስጥዎት?"

"ኧረ ልጄ፣ ዝም ብለህ ውሰዳት። ልጆቹ ሊጥሏት ነበር።"

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ፣ ተናገርኩም። "ጋሼ፣ ይቺ ዛሬ ተጠግና 400፣ 450 ትሸጣለች።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ይቺ? ይቺ እኮ ከአንድ ወደ አገሩ ከሚሄድ ተማሪ በ35 ዶላር የገዛኋት ናት!" ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። "በል 200 አድርጋት። ግን ስትጠገን አምጥተህ ታሰማኛለህ።"

200 ሰጠኋቸው። ዘመድ ስለሆኑ አላረከሱልኝም፣ እኔም ስለማውቅ አልቀማኋቸውም። ሳትጠገን ላለችው ትክክለኛ ዋጋዋ ያ ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳ፣ ምክንያቱም የአሮጌ ጊታር ዋጋ ያለው ቀለሙ ላይ ሳይሆን አንገቱ ላይ ነው።

የብረት ክር ስድስቱም ተወጥሮ ሲቃኝ ከ70 ኪሎ በላይ ይስባል። አንድ ጎልማሳ ሰው አንገቷ ላይ ለሃምሳ ዓመት ተንጠልጥሎ እንደኖረ አስቡት። አንገቷ ቀስ በቀስ ወደ ፊት ይታጠፋል፣ ክሮቹም ከጣውላው ይርቃሉ። አንገቷ ላይ ከተደረደሩት ብረቶች፣ ፍሬት ከሚባሉት፣ አሥራ ሁለተኛው ላይ ወፍራሙ ክር ከብረቱ የሚርቀው ሁለት ሚሊ ተኩል አካባቢ ከሆነ ደህና ናት። ሦስት ተኩል፣ አራት ከሆነ ጣት ይቆርጣል። አንዳንዱ ሻጭ ይህን ለመደበቅ ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ሆዷ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ላይ፣ ክሮቹ የሚያርፉበትን ነጩን ሳድል ፍቆ ፍቆ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ላይ እዩ። ክሩ ከፍ ብሎ ሳድሉ ካለቀ፣ ያቺ ጊታር አንገቷ ተነቅሎ በትክክለኛው ማዕዘን እንደገና መገጠም አለበት። ረጅም ማስመሪያ ካላችሁ ፍሬቶቹ ላይ አጋድሙትና ወደ ብሪጁ ግፉት። ጫፉ የብሪጁን አናት ነክቶ ካለፈ አንገቷ ደህና ናት። ብሪጁን ከመሃሉ ከገጨው ታማለች።

ይህ ጥገና እዚህ አካባቢ ስጠይቅ 550 ዶላር ተብያለሁ። አንድ ጠጋኝማ ያማሃ ነው ስለው "እሱ ኮላው አይለቅም፣ አልነካም" ብሎ መለሰኝ። ብዙ ጠጋኞች ይህን ይላሉ፣ የእነዚህ ያማሃዎች አንገት የተጣበቀበት ኮላ በእንፋሎት እንደ ማርቲን ቶሎ አይለቅም። አሁን ሒሳቡን እዩት። በ450 ገዝታችሁ አንገቷ የታመመ ከሆነ 1,000 ዶላር ገባችሁ። ለኮምፔንሳቶ ጊታር።

የእኔዋ እድለኛ ነበረች። ማስመሪያው የብሪጁን አናት ነክቶ አለፈ። ክሮቹ ለዓመታት ስላልተወጠሩ ይመስለኛል የዳነችው። ሳድሉ ትንሽ ተፋቀ፣ የተበሉት ፍሬቶች ተስተካከሉ፣ አንድ የማይዞር መቃኛ ተቀየረ፣ 140 ዶላር ከፈልኩ። ለክር 12 ዶላር። ከ200ው ጋር በድምሩ 352 ዶላር።

መቃኛ መቀየሬን የሰማ አንድ ሰብሳቢ ጓደኛዬ አዘነልኝ። ለገበያው ይህ ጉዳት ነው። አሮጌ ጊታር ላይ አንዲት ብሎን የፋብሪካዋ ካልሆነች ዋጋው ይወርዳል፣ ሙሉ በሙሉ እንደገና ከተቀባማ በተለይ ውዶቹ ላይ ግማሹ ነው የሚሄደው። ለሰብሳቢ እውነት ነው፣ አልከራከርም። እኔ ግን ክራር ቤታችን እያየሁ ነው ያደግሁት። ክራር ቆዳው ሲቀደድ ይለወጣል። ክሩ ይለወጣል። ቀንበሩ ከተሰበረ እሱም ይለወጣል። ያው የአባቴ ክራር ነው፣ ዋጋው ቀነሰ ያለ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ለመጫወት የምትገዙ ከሆነ የተቀባውን፣ መቃኛው የተቀየረውን፣ የተሰነጠቀና በደንብ የተጠገነውን ፈልጉ። ሰብሳቢው የሚሸሸው ሁሉ የእናንተ ቅናሽ ነው።

ድምፅዋስ?

እውነት ለመናገር እንደ ጥሩ ማርቲን አይደለችም። ወፍራሙ ክር ላይ ያ ደረት የሚሞላ ጥልቀት የላትም። መሃለኛው ላይ ግን ሌላ ናት። ደረቅ፣ ፈጣን፣ ተመትቶ ቶሎ የሚያልቅ ድምፅ አላት። ኮርድ እየመቱ ለሚዘፍኑ ድምፃቸውን አትሸፍንም። ትዝታ በነጠላ ክር ስጫወትባት ደግሞ የወደድኩት ነገር አለ፣ አንዱ ኖታ ሳይንጠባጠብ ቦታውን ለሚቀጥለው ይለቃል፣ ወደ ክራር የሚጠጋ ነገር አለው። ባቲ ላይም እንደዚሁ። አዲስ ጊታር ላይ ድምፁ ስለሚረዝም አንዱ በሌላው ላይ እየፈሰሰ እጄን ማፈን አለብኝ። እዚህ ላይ አያስፈልገኝም።

አንገቷ ወፈር ይላል። አጭር ጣት ያለው ሰው መጀመሪያ ይቸገራል። ክብደቷ ቀላል ነው።

አንድ ማንም የማያነሳው ጥቅም ደግሞ አላት። ሙሉ እንጨት ጊታር ድርቀት አይወድም። እዚህ በክረምት ማሞቂያ ሲበራ፣ አዲስ አበባ ደግሞ በበጋ፣ አየሩ ሲደርቅ ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ከአሜሪካ ውድ ጊታር ይዘው ሄደው በጥር ስንጥቅ የጠበቃቸው ሰዎች አውቃለሁ። ኮምፔንሳቶ ይህን ይችላል። ማሞቂያ አጠገብ ስንት ክረምት ያሳለፈችው የእኔዋ ሽፋኗ ላይ አንድ ስንጥቅ የለም። ለወንድም ወይም ለእህት አገር ቤት የምትልኩ ከሆነ ይቺን አስቡ። በተቃራኒው ከ1969 በፊት የነበረ ውድ ማርቲን ይዛችሁ ድንበር ልታቋርጡ ከሆነ፣ ጀርባው የብራዚል ሮዝዉድ ሊሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ ወረቀቱን ጨርሱ፣ እንጨቱ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ጥብቅ ቁጥጥር ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ተጠየቅኩት። ትገዛ ወይ?

አንገቷን ለክታችሁ ደህና ከሆነች፣ እስከ 350 ዶላር ዓይናችሁን ሳታሹ ግዟት። እስከ 400 በጣም ከወደዳችኋት። ከዚያ በላይ የምትከፍሉት ለቀዩ ወረቀት ነው። አንገቷ ከታመመ ከ100 በላይ አታውጡ፣ እሱንም ራሳችሁ መጠገን ከቻላችሁ። ሳይለኩ በፎቶ ብቻ መግዛት በጭራሽ። ሻጩን "ማስመሪያ አስቀምጠህ ፎቶ ላክልኝ" በሉት፣ እምቢ ካለ መልሱን አገኛችሁ።

ገና ለሚማር ሰው ግን ይቺን አልመክርም። ያማሃ ራሱ ኤፍጂ800 የሚባለውን አዲስ በ250 ዶላር ገደማ ይሸጣል፣ ላይኛው ሽፋኑ ሙሉ እንጨት ነው፣ ዋስትና አለው፣ አንገቱም ገና አልታጠፈም። ልጅህ ሊማርበት ነው ካልከኝ እሱን ግዛ፣ ነገሩ አለቀ። በ2019 ደግሞ ኩባንያው ቀዩን ወረቀት መልሶ አምጥቶታል፤ ኤፍጂ3 እና ጃፓን የሚሠራው ኤፍጂ5። ኤፍጂ5ን አንድ ከሰዓት ሙሉ ሞክሬዋለሁ። ከአሮጌዋ በሁሉም ነገር ይበልጣል፣ ሙሉ እንጨት ነው፣ ግን ከ1,000 ዶላር በላይ ነው፣ ያን የደረቀ ፈጣን ድምፅም አልሰማሁበትም።

ከገባሁት ቃል አንዱን ቅዳሜ ፈጸምኩ። ጊታሯን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ ነበር። ሰጠኋቸው፣ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይመቱ መቃኛዎቹን ብቻ አንድ በአንድ ነካኩ። "ይቺ አዲስ ናት" አሉ፣ የቀየርኳትን በጣታቸው አገኟት። ከዚያ በሦስት ክር ብቻ ቀስ ብለው ትዝታ ጀመሩ፣ መሃል ላይ ጠፋባቸው፣ መለስ ብለው ያዙት። ባለቤታቸው ከወጥ ቤት ወጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

ልሄድ ስነሳ "እስከ እሁድ እዚህ ትቆይ" አሉኝ። ለዚህ ነው ፎቶዋን ከዚህ ጋር ያላያያዝኩት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አመጣታለሁ።